ስድስት ዓመት በታክስ ክሬዲት ቤት፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሕንፃችን

በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሰሞን በራችን ሥር ቢጫ ወረቀት ይገባል። የገቢ ማረጋገጫችሁ ጊዜ ደርሷል፣ ፔይ ስታብ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የታክስ ወረቀትና የልጆቹን የትምህርት ቤት ደብዳቤ ይዛችሁ ኦፊስ ኑ ይላል። የመጀመሪያው ዓመት ሳነበው ሊያስወጡን ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ዘንድሮ ለስድስተኛ ጊዜ ነው የምሞላው። ቤት የምትፈልጉ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሕንፃው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ከሜትሮው በእግር 12 ደቂቃ ያስኬዳል። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጽፍም። እኔ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ ሁለት ልጆች አሉን። ባለ ሁለት መኝታ ነው። ወለሉ እንጨት፣ ኩሽናው ጠባብ፣ ብርሃኑ ግን በጣም ጥሩ ነው፤ ጠዋት ሳሎኑ በፀሐይ ይሞላል። ማሽኖቹ ባይበላሹ ኖሮ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉንም አመሰግነው ነበር።

ብዙዎቻችን ታክስ ክሬዲት ቤትን ሴክሽን ኤይት ከሚባለው የመንግሥት የኪራይ ድጎማ ጋር እናምታታዋለን። ሴክሽን ኤይት ላይ የምትከፍሉት እንደ ገቢያችሁ ነው፤ ገቢያችሁ ሲወርድ ድርሻችሁም ይወርዳል። እዚህ ግን ኪራዩ የተቆረጠ ነው፣ ሥራ ብታጡም ያው ነው። ነገሩ የመጣው በ1986 ከወጣው የግብር ሕግ ነው። ባለሀብቱ ለ10 ዓመት ታክስ ይቀነስለታል፤ እሱ ደግሞ ቤቱን አነስተኛ ገቢ ላለው ሰው፣ ከተወሰነ ጣሪያ ባላለፈ ኪራይ ለማከራየት ቃል ይገባል። በግብር ሕጉ በኩል ይህን ግዴታ 15 ዓመት መጠበቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ውል ሲጨመር በአብዛኛው 30 ዓመት ይሆናል። መጠበቁን የሚከታተለው የስቴቱ የቤቶች መሥሪያ ቤት ነው። ጥፋት ሲያገኝ 8823 በሚባል ፎርም ለፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ ለአይ አር ኤስ ያሳውቃል፣ የሕንፃው ባለቤትም ክሬዲቱን፣ ማለትም የታክስ ቅነሳውን፣ ሊያጣ ይችላል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ቢጫው ወረቀት አያስፈራኝም። እስካልዋሸሁ ድረስ የሚመረመረው ባለቤቱ ነው፤ የኔ ፋይል የእሱ ማስረጃ ነው።

ታዲያ የኛ ሰው ስለማያውቅ ይጎዳል። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሥራው በሚደራበት ጊዜ፣ «ገቢያችን ካለፈ ያስወጡናል» እያለ መኪናውን ያቆም ነበር። ሆስፒታል የምትሠራ ጎረቤቴም ኦቨርታይም ሲሰጧት እምቢ ትላለች። ደንቡ እንዲህ አይደለም። የገቢው ጣሪያ ዋናው መመዘኛ የሚሆነው ስትገቡ ነው። በ2024 በዋሽንግተን አካባቢ ለ4 ሰው ቤተሰብ መካከለኛው ገቢ 154,700 ዶላር ነበር፤ የ60 በመቶ ቤት፣ ማለትም ገቢያቸው ከዚህ 60 በመቶ ለማያልፍ የተመደበው፣ የሚያስገባው እስከ 92,820 ነበር። ከገባችሁ በኋላ ደመወዛችሁ ቢያድግ በዚያ ምክንያት አያስወጧችሁም። ከጣሪያው 140 በመቶ ካለፈ ደግሞ ግዴታው ባለቤቱ ላይ ይወድቃል፤ እንደኛ ጣሪያ ያላቸውና በገበያ ዋጋ የሚከራዩ ቤቶች በተቀላቀሉበት ሕንፃ ቀጥሎ የሚለቀቀውን የናንተን የሚያክል ወይም አነስ ያለ ቤት ለሚያሟላ ሰው ማከራየት አለበት። ያኔ የናንተ ኪራይ ከጊዜ በኋላ ወደ ገበያው ሊጠጋ ይችላል፣ እሱን አልደብቃችሁም። ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጀብን። ኦፊሱ ማንንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳም፤ ከሰጠኋቸው ነጥብ ላይ የቀነስኩት አንዱ በዚህ ነው።

አሁን ወደ እቁቡ ልምጣ።

በሦስተኛው ዓመት እቁብ ደረሰኝ። 20 ሰው ነን፣ በወር 500 ዶላር እንጥላለን፤ 14ኛው ዕጣ የኔ ሆነና 10,000 ዶላር ባንክ አስገባሁ። ከሁለት ወር በኋላ ቢጫው ወረቀት መጣ፣ ስቴትመንቴን ወሰድኩ። ያኔ ኦፊሱ ውስጥ የነበረው ሰውዬ 10,000ዋን በቀይ እስክሪብቶ ከበባትና «ይኼ ምንድን ነው? ሌላ ሥራ አለሽ?» አለኝ። እቁብ ነው አልኩ። «ሎተሪ ነው?» አለኝ። አይደለም፣ የራሴ ገንዘብ ነው አልኩ። «የራስሽ ከሆነ ለምን ከሌላ ሰው ቼክ መጣ?» አለ። እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ፋይሉን ዘግቶ፣ በሰባት ቀን ውስጥ የጽሑፍ ማስረጃ ካላመጣሁ በገቢነት እንደሚመዘግበው ነገረኝ።

ያን ቀን ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። የ14 ወር ስቴትመንት አተምኩና በየወሩ ለጸሐፊያችን በዜል የላክኋትን 500 በቢጫ ቀለም አሰመርኩ። 14 መስመር፣ 7,000 ዶላር። ቀሪው 3,000 ከዕጣው በኋላ የምከፍለው ዕዳዬ ነው። ይህንኑ በአንድ ገጽ ጻፍኩ፣ ዳኛችንና ጸሐፊያችን ፈረሙበት። ዳኛችን ከሥራ መልስ ከነዩኒፎርሙ መጥቶ መኪናው ኮፈን ላይ አስደግፎ ነበር የፈረመልኝ።

ወረቀቱን ስወስድ ሰውዬው የለም፤ በሱ ቦታ አዲስ የመጣች የኤል ሳልቫዶር ሴት ተቀምጣለች። ቢጫዎቹን መስመሮች በጣቷ አንድ በአንድ እየቆጠረች ሄደችና ቀና ብላ «እኛ ኩቹባል እንለዋለን፣ እናቴ ቤት የገዛችው በሱ ነው» አለችኝ። ደብዳቤውን ከፋይሉ ጋር አያያዘችው፣ ብሩን ከገቢ አውጥታ እንደ ቁጠባ መዘገበችው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ኦፊስ ሲኖር እንዲህ ነው። ሦስት ዓመት ሆናት፤ ከዚያ ወዲህ ፋይሌ አንድም ጊዜ አልተመለሰብኝም። እናንተም እቁብ የምትጥሉ ከሆነ በካሽ አትጣሉ፣ ዱካ ይኑረው። ለቤተሰብ የምትልኩት ብር ደግሞ ከገቢያችሁ አይቀነስም፤ በየወሩ እናቴ ጋ የሚሄደውን ደረሰኝ ሁሉ ይዤ ሄጄ የተማርኩት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የስቴቱ ሰዎች ለፍተሻ መጡ። ቢያንስ በሦስት ዓመት አንዴ መምጣት አለባቸው፣ ለባለቤቱም ከ15 ቀን በላይ አስቀድመው አይነግሩትም። የሚያዩትን ቤትም የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። የመታጠቢያ ቤታችን የአየር ማስወጫ ስምንት ወር ሙሉ አልሠራም ነበር፤ ጣሪያው ጥግ ላይ ጥቁር ሻጋታ ወጥቶ ትንሹ ልጄ ሌሊት ያስለዋል። አራት ጊዜ አመለከትኩ። የፍተሻው ደብዳቤ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ጠጋኙ ሳይጠራ መጣ፣ በ40 ደቂቃ ቀየረው። 40 ደቂቃ! ስምንት ወር የለመንኩት ነገር። ሌሎች የምትኖሩበትም ላይ እንዲህ ከሆነ ያመለከታችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ፣ ለስቴቱም በቀጥታ መጻፍ ይቻላል። እኔ በጊዜው አላወቅሁም።

በፍተሻው ዕለት እኛ ቤት ምንም አልተገኘም። ከኛ በላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ግን የጭስ ማስጠንቀቂያው ከጣሪያው ወርዶ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ቡና ሲቆሉና ዕጣን ሲያጤሱ እየጮኸ ስላስቸገራቸው ልጃቸው ነው ነቅሎ ያስቀመጠላቸው። ተቆጣጣሪዋ ረዥም ሴት ናት፣ ጎንበስ ብላ መሳቢያውን አይታ በጣም በቀስታ «በዚህ ነገር ሰው ይሞታል» አለቻቸው፤ እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። የጠፋ የጭስ ማስጠንቀቂያ በ24 ሰዓት ውስጥ መስተካከል ካለባቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ በዚያው ቀን ማታ ተሰቀለ። እባካችሁ፣ ስንቶቻችን ቤት እንደዚህ እንደሆነ አውቃለሁ። መስኮት ክፈቱ፣ ረከቦቱን ወደ በረንዳው በር አስጠጉት፤ ማስጠንቀቂያውን ግን አትንቀሉ። ልጆች ይዘን ነው የምንውለውና የምናድረው።

ኪራዩ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። በ2024 በዚህ አካባቢ ለባለ ሁለት መኝታ የ60 በመቶ ጣሪያው 2,089 ዶላር ነበር፤ እኛ ከዚያ በታች ነን፣ እዚያው ፎቅ ላይ ማርኬት ሬት (የገበያ ዋጋ) የሚከፍሉት ጎረቤቶቻችን ከኛ በጣም ይበልጣሉ። ጣሪያው መብራትና ጋዝንም አስቦ የተተመነ መሆኑን ግን እወቁ፤ የመብራት ሒሳብ በራሳችሁ ከሆነ የሱ ግምት ተቀንሶ ነው ኪራዩ መቆረጥ ያለበት። ኦፊሱ የዩቲሊቲ ግምቱን ሲጠየቅ ማሳየት አለበት፤ የኛ በመጀመሪያው ጥያቄ አሳይተውኛል፣ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

አብራት ኮሌጅ ከምትማር ጓደኛዋ ጋር ልትገባ ያመለከተች የአክስቴ ልጅ አልተፈቀደላትም። በቤቱ የሚኖሩት ሁሉ ፉል ታይም ተማሪ ከሆኑ ከጥቂት ነገሮች በስተቀር አይፈቀድም፤ ነጠላ እናት ከልጇ ጋር፣ ተጋብተው አብረው ታክስ የሚሞሉ ባልና ሚስት ይፈቀድላቸዋል። ይህን ሳታጣሩ የማመልከቻ ገንዘብ አትክፈሉ።

ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። ግማሿ ለዚያች የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት፣ የቀነስኩት አንድ ተኩል ለስምንቱ ወርና ሳያስረዱ ለማስፈራራታቸው ነው። ልንለቅ አላሰብንም። ባለቤቴ ባለፈው ኅዳር መኪናውን አላቆመም፣ ታኅሣሥንም ሙሉውን ነዳ። የዘንድሮውን ወረቀት ትናንት ማታ ሞልቼ ጨርሻለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት አስገባዋለሁ።