ቤት ለሚያሠራ፦ ዘመድ፣ የሳይት መሐንዲስ ወይስ በየደረጃው የሚመጣ ኦዲተር?

ኮንትራክተር ተገኘ፣ ውል ተፈረመ እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ይቆጣጠርልኝ?» ነው። በተለይ ገንዘቡን ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሚልክ ሰው ጥያቄው እንቅልፍ ይነሳል።

ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው ወንድም ወይም አጎት ነው። ታማኝ ዘመድ ሲሚንቶ ከግቢ እንዳይወጣ ይጠብቃል፣ የገባውን አሸዋና ጠጠር ይመዘግባል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፕላን ማንበብ ካልቻለ ግን በ15 ሳንቲም ርቀት መታሰር የነበረበት ስታፋ (የኮለንና የቢም ዋና ፌሮዎችን ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት) በ25 ቢታሰር አይነቃም።

ሳይት ላይ የሚውል ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ይነቃል። አርማታው ላይ ውሃ ሲበዛም እዚያው ያስቆማል። ደመወዙ ግን ሥራው በሲሚንቶ እጥረት ቢቆምም ይቆጥራል። ኮንትራክተሩ ራሱ የሚያመጣልዎትን ተቆጣጣሪ ደግሞ አደራ፣ አይቀበሉ።

ሦስተኛው ምርጫ በየደረጃው የሚመጣ ገለልተኛ ኦዲተር ነው። መሠረት ሲቆፈር፣ ፌሮ ታስሮ አርማታ ከመሞላቱ በፊት፣ ከዚያም ክፍያ ከመፈረሙ በፊት ይመጣል። ጎበዙ ሜትርና ሚዛን ይዞ ነው የሚመጣው። 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ (አንድ ሙሉ ዘንግ) ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ 10.7 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። 9 ኪሎ ከሆነ ቀጭን ፌሮ ተሽጦልዎታል። ክፍያ ሲጠየቅም ራሱ ለክቶ ያሰላል። 10 በ12 ሜትር የሆነ፣ 15 ሳንቲም ውፍረት ያለው ድፍን ሶሌታ (የወለል ወይም የጣሪያ አርማታ) 18 ሜትር ኩብ አርማታ ነው። ሶሌታውን የሚሸከመው አግዳሚ፣ ቢሙ፣ ለብቻው ተቆጥሮ ሳለ ሶሌታው 22 ተብሎ ከመጣ፣ የአራት ሜትር ኩብ ብር ከኪስዎ ሊወጣ ነበር ማለት ነው። ጥራቱንም በቃል አያምንም። ከአርማታው ናሙና አስወስዶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ያስፈትሻል።

ጉድለቱ በሌለበት ቀን የሚሠራውን አለማየቱ ነው። የተሞላው ሶሌታ ውሃ ሳይጠጣ ቢደርቅ በማግስቱ አይደርስበትም።

ስለዚህ ለጂ+1 ቤት እኔ የምመርጠው ዘመድና ኦዲተርን አንድ ላይ ነው። ዘመድ ዕለት ዕለት ይጠብቃል፣ ውሃ ያስጠጣል፤ ኦዲተሩ ይለካል። ለጂ+4ና ከዚያ በላይ ግን ሳይት ላይ የሚውል መሐንዲስ የግድ ነው፤ ኦዲተሩ ክፍያውን ብቻ ይይ።

የትኛውንም ቢመርጡ ከኮንትራክተሩ ጋር በሚገቡት ውል ላይ ይህን ያጽፉ፦ «ተቆጣጣሪው ፌሮውን አይቶ ካልፈረመ አርማታ አይሞላም።»