ሐረር ስትሄዱ ሸሪፍ ሙዚየምን ለመጨረሻ አቆዩት

ጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረችው ጥንታዊቷ ሐረር፣ የሚገባ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ቀጥታ ወደ ሙዚየም ነው የሚነዳው። እኔ ተቃራኒውን ነው የምመክረው። መጀመሪያ ሰው የሚኖርበት የሐረሪ ቤት ግቡ። ጌይ ጋር ይሉታል። ጎብኚ የሚቀበሉ ቤተሰቦች አሉ፣ አንዳንዶቹም ቤታቸውን ለእንግዳ ማረፊያ ያከራያሉ። ትንሽ ገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ትገባላችሁ፣ ከዚያ የቤቱ እመቤት ታወራላችኋለች። ሐረር ውስጥ ከከፈልኩባቸው ነገሮች ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው።

ቤቱ ራሱ ይናገራል። ነደባ የሚባሉ ከፍ ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፣ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ጎን ላይ ያለችው ጠባብ ክፍል የሙሽሮች ናት። ስለ መደቦቹ ቀይ ቀለም ስትጠይቁ ወሬው ወደ ጨለንቆ ይሄዳል፦ በ1879 ዓ.ም በዚያ ከምኒልክ ጦር ጋር በተደረገው ጦርነት የፈሰሰውን ደም ማስታወሻ ነው ይሏችኋል። ግድግዳውን የሞሉት የሣር ስፌቶች ደግሞ አንዱ የእናት፣ አንዱ የአያት፣ አንዱ የሠርግ ስጦታ ነው፣ እና እመቤቲቱ እያንዳንዱን እያወረደች ማን እንደሰፋው ስትነግራችሁ ሰዓቱ የት እንደሄደ አታውቁም።

አሁን ሙዚየሙ። አብዱላሂ ሸሪፍ መጀመሪያ በገዛ ቤቱ ነው የከፈተው፣ ኋላ ራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ትልቅ ሕንፃ ገባ። በእጅ የተጻፉ ቁርዓኖችና ኪታቦች (የእስልምና መጻሕፍት)፣ የሐረር አሚሮች ያሠሯቸው ሳንቲሞች፣ ሰይፎች፣ ጌጣጌጦች፣ አልባሳት፣ የድሮ ዘፈን ቅጂዎች ሳይቀሩ አሉ። አብዛኛውን ከየሰው ቤት ለዓመታት የሰበሰበ ሰው ነው። የተቀደዱ መጻሕፍትንም ይጠግናል፣ የሐረርን የጥንት የመጽሐፍ አጠራረዝ ሙያም እንዳይጠፋ ታግሏል። እኔ ከሁሉም በላይ የማከብርለት ይሄንን ነው። አንድ ሰው ቆርጦ ከተነሳ ለከተማው ምን ሊሠራ እንደሚችል እዚያ ታያላችሁ። ቤቱን አስቀድማችሁ ካያችሁ፣ እዚህ መስታወት ውስጥ ያለው ስፌት ባዶ ጌጥ አይሆንባችሁም፤ የት እንደሚሰቀል፣ ማን ለማን እንደሚሰጠው ታውቃላችሁ።

አስጎብኚ ላይ ጠንቀቅ በሉ። እኛን የያዘን ልጅ «ይሄ ሰይፍ ነው፣ ይሄ ሳንቲም ነው» እያለ ያስሮጠን ነበር። ጥያቄ ስንጠይቀው ስልኩን ያያል። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ታሪኩ ካልተነገረ ቅርሱ ዝም ያለ ዕቃ ነው። ጁገል ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ፈልጉ። ምን ያህል ሰዓት አብሯችሁ እንደሚቆይም ሳትነሱ ተስማሙ።

ራምቦ ቤትም ጥሩ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ በዚያ ቤት መኖሩ ያጠራጥራል፣ ግን የድሮ ሐረር ፎቶዎች አሉበትና ለእነሱ ሲባል ግቡ። ማታ ሰዎች ጅብ ሲመግቡ ማየት ከፎቶ ያለፈ ነገር እንዲሆንላችሁ ከፈለጋችሁ አሹራ በሚባለው የሙስሊሞች በዓል ስለሚሠራው ገንፎ ጠይቁ፤ በዚያ ቀን ለጅብ ገንፎ ይቀርባል፣ በአበላሉም የዓመቱ ዕጣ ይነበባል።

ስፌት መግዛት ከፈለጋችሁ ከሰፊዎቹ ሴቶች እጅ ግዙ። አንዱ ስፌት ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ ዋጋው ሲነገራችሁ አትደንግጡ፣ አጥብቃችሁም አትከራከሩ። ጁገል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ ሲመዘገብ ግንቡና በሮቹ ብቻ ሳይሆኑ እነዚህ ቤቶችም ነበሩ የታሰቡት፣ ቤቶቹን የሚያስጌጡት ደግሞ እነዚህ እጆች ናቸው።

ሸዋል ኢድ ላይ መድረስ ከቻላችሁ ደግሞ የበለጠ ነው። በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው፣ ከረመዳን ኢድ በኋላ የስድስት ቀን ጾም ሲያልቅ ይከበራል፣ ሌሊቱን በዚክሪ (በመንፈሳዊ ዜማ) እና በከበሮ ያነጋሉ። ማረፊያ ግን ቀድማችሁ ያዙ፣ ከውጭ የሚመጣው ሐረሪ ሁሉ በዚያ ሰሞን ስለሚገባ ከተማው ይሞላል።