አጌቶቼን የቆረጠልኝ የእምነ በረድ ቤት

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ድንጋይ እለቅማለሁ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲኬድ፣ ኮሶዬ ሳይደረስ፣ ክረምት በወጣ ቁጥር ጎርፍ አዲስ ድንጋይ የሚገለብጥበት ፈፋ አለ። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ባለማሳውን አስፈቅጄ አጌትና ጃስፐር ከሚባሉት የጌጥ ድንጋዮች ሦስት አጌትና አንድ ቀይ ጃስፐር ይዤ ተመለስኩ።

አጌት ከላይ ሲያዩት አፈር የያዘ ድንች ነው። ጉዱ ያለው ውስጡ ነው። ስለዚህ ቆራጭ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የወሰድኩበትን ቤት ስም አልጠራም። ልጁ ትልቁን ድንጋይ በግራይንደር በደረቁ ያዘው። ቤቱ በነጭ አቧራ ታፈነ። ድንጋዩ ጋለና ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ። እንባዬ መጣ። አቧራው ራሱ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ ልጁ ግን አፉን እንኳ አልሸፈነም ነበር።

ቀጥሎ የሄድኩት አዘዞ መንገድ ላይ ያለ እምነ በረድ ቤት ነው። የመቃብር ድንጋይ፣ የደረጃና የመስኮት እምነ በረድ ይሠራሉ። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው። አጌቱን ተቀብለው በምስማር ጫሩት፤ ምንም አልያዘም።

«ቲቸር፣ ይሄ ዲስክ ይበላል» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ እምነ በረድ 3 አካባቢ ነው፣ አጌት ወደ 7 ይጠጋል።

«አይሆንም ማለት ነው ጋሼ?»

«ይሆናል እንጂ። ቀስ ተብሎ፣ ውሃ እየጠጣ።»

ድንጋዩ ክብ ስለሆነ እንዳይንከባለል ጣውላ ላይ በጀሶ አጣበቁት። «ነገ ነይ» አሉኝ። በማግስቱ የአልማዙን ዲስክ አስነሱ፤ አንድ ልጅ ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ውሃ ያንጠባጥባል። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ከሰዓት ሲመጣ ጨረሱት።

ሁለት ቦታ ሲከፈት ጋሼ በአውራ ጣታቸው ጭቃውን ጠረጉት። ዳር ዳሩ ግራጫ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ቀጥሎ ማር የመሰለ ቀለበት፤ ክር በክር ተደራርቧል። መሃሉ ላይ ስኳር የመሰለ የኳርትዝ ፍንጣሪ አለ። ስልኬን አብርቼ ከጀርባው ያዝኩት፤ ዳሩ ብርሃን አሳለፈ።

«ማን ሠራው ይሄን?» አሉ። ነገርኳቸው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እዚህ አገር ላይ እሳተ ገሞራ ፈሰሰ። ሲቀዘቅዝ ጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ የአየር ቀዳዳ ቀረ። ሲሊካ የያዘ ውሃ በዚያ ቀዳዳ እየሰረገ ግድግዳውን ለበጠው፣ ደግሞ ለበጠው። ቀዩን ጃስፐር ሳሳያቸው ደግሞ፣ «ኢያሰጲድ ማለትሽ ነው? የዮሐንስ ራእይ ላይ ያለው?» አሉ። አዎ። እዚያው ከተዘረዘሩት የከተማዋ መሠረት ድንጋዮች ሦስተኛው፣ ኬልቄዶንም፣ የአጌት ዘመድ ነው። ልጆቹን ሁሉ ጠርተው አሳዩዋቸው።

ዋጋው ለአንድ ቁራጭ 200 ብር ነው። ዲስኩ እንዴት እንደሚያልቅ ስላየሁ አልተከራከርኩም። ድክመታቸው ማሳመሩ ላይ ነው። በእምነ በረድ አሠራር ስለሚያሹት ፊቱ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል፣ ጭረትም አለው። እኔ ቤት ወስጄ በጥቁሩ የብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ፣ ከ400 ቁጥር እስከ 2000 ሦስት ምሽት አሸሁት። አሁን ፊት ያሳያል። እናንተም ማስቆረጡን ለእነሱ፣ ማሳመሩን ለራሳችሁ አድርጉት። ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት የመቃብር ሥራ ይበዛባቸዋል።

አንድ ነገር አደራ። ከስሜን ተራሮች ፓርክ ጠጠር እንዳታነሱ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ከሌላ ቦታም ቢሆን ለመሸጥ የምታስቡ ከሆነ መጀመሪያ ፈቃድ አውጡ፤ ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ነው።

ሁለቱ አጌቶች አሁን ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ኢያሰጲዱ ገና አልተቆረጠም። ጋሼ አዲስ ዲስክ ሲገዙ ሊደውሉልኝ ስልኬን ግድግዳው ላይ በከሰል ጽፈውታል።