ድምፅ ሰብሳቢው ቦት ለሰፈር ውድድር ይሆናል?

ቁርጡን ቀድሜ ልናገር። የሰፈር ኳስ ውድድር አዘጋጅታችሁ "የደጋፊዎች ምርጥ ተጫዋች" ልትመርጡ ከሆነ፣ በኪራይ የሚሰጠውን የቴሌግራም ድምፅ መስጫ ቦት (ድምፁን ራሱ የሚቆጥር ፕሮግራም) ተዉት። ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ። አንዱ ለመልኩ ነው፣ አንዱ ለፍጥነቱ። ስሙን አልጠራም። ወንድሞቹ ብዙ ናቸው፣ ጠባያቸውም አንድ ነው።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ማታ ማታ የሰፈራችንን የክረምት ውድድር ቻናል እይዛለሁ። ውጤት እለጥፋለሁ፣ የጎል ቪዲዮ እቆርጣለሁ፣ የዳኛ እናት የተሰደበችበትን ኮሜንት አጠፋለሁ። ስለዚህ ድምፅ ሲቆጠርም አያለሁ፣ ድምፅ ሲፈበረክም አያለሁ። ሁለተኛው የሚሠራው እዚሁ ባንኮኒዬ ፊት ነው።

ቦቱ ሲያዩት ያምራል። የተጫዋቾቹን ፎቶ ትሰጡታላችሁ፣ ለእያንዳንዱ የሚነካ ቁልፍ ያዘጋጃል። ድምፅ የሚሰጠው ሰው መጀመሪያ ቻናሉን ጆይን ይላል። ከዚያ ይነካል፣ ቁጥሩ እዚያው ከፍ ይላል። ሰውየው ከቻናሉ ከወጣ ድምፁ አብሮ ይሰረዛል። ፍጥነቱ ላይ ሐሜት የለኝም። ከተማው ጉም ለብሶ፣ መብራት ሄዶ፣ በደከመ ዳታ ስንሠራ እንኳ ሳይንቀራፈፍ አምሽቷል።

ችግሩ ቦቱ የተሠራበት ዓላማ ላይ ነው። ምርጥ ተጫዋች ማን ይሁን ማን ግድ የለውም፤ የቻናል አባል ማብዛት ነው ሥራው። "ጆይን ብላችሁ ድምፅ ስጡኝ፣ ለሌላም ሼር አድርጉልኝ" የሚል መልእክት ያልደረሰው የደሴ ሰው ካለ፣ የያዘው በተን ስልክ መሆን አለበት።

ልጆቹም ይልካሉ። ለክፍል ጓደኛ፣ ለጎረቤት፣ ለጅዳና ለቤሩት አክስቶች። አክስቲቱ ልጁ ግብ ጠባቂ ይሁን አጥቂ አታውቅም። ፎቶውን ታያለች፣ "ማሻ አላህ፣ የእህቴ ልጅ እንዲህ አደገ?" ትላለች፣ ትነካለች። ይሄን ማጭበርበር አልለውም። ዘመድነት ነው። ሰው አንዴ ነካ፣ አንዴ ተቆጠረ። ኳስ ሳያይ ድምፅ የሰጠ ሰው ደግሞ እዚህም ሞልቷል።

ማጭበርበሩ የሚጀምረው አንዱ ሰው ብዙ ሲሆን ነው። አንድ ልጅ መጥቶ "ጋሼ፣ ቴሌግራም ሁለት ይሁንልኝ" ይላል። ቴሌግራም ራሱ በአንድ ስልክ ላይ እስከ ሦስት አካውንት በነፃ ይቀበላል፤ ቁጥር ብቻ አምጣ ነው የሚለው። ቁጥር ደግሞ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ 09 እና 07 አንድ ኪስ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። አፑን ሁለት የሚያደርግ ሌላ አፕ ሲጨመርበት ስልኳ የቀበሌ አዳራሽ ታክላለች።

አንዱ ልጅ ያመጣው ቁጥር የአያቱ ነበር። አያት የያዙት በተን ስልክ ነው፣ አንገታቸው ላይ በገመድ ያንጠለጥሉታል። ልጁ ቁጥሩን አስገባ፣ ኮዱ አያት አንገት ላይ ጢጢ አለ። "ማነው የጻፈልኝ?" አሉ። "ቴሌ ነው እማማ፣ ካርድ ሊሰጥሽ ነው" አላቸው። ኮዱን አንብቦ ከተበ። በዚያው ቅጽበት ማንበብ የማይችሉ የሰባ ዓመት እናት ለ9 ቁጥሩ አጥቂ ድምፅ ሰጡ። ሳቄን ዋጥኩት። ካርዱን ግን ግዛላቸው ብዬ አስገዝቼዋለሁ።

ይሄም ቢሆን ሰፈር ውስጥ ያለ ሌብነት ነው። ቁጥሩ ቢበዛ የዘመድ ሲም እስኪያልቅ ነው። ዓይን ያወጣው ግዢ ነው። ውድድሩ በሞቀበት ሰሞን ለተጫዋቾቹ በሙሉ ኢንቦክስ ገባ፦ "ለማንኛውም ውድድር ድምፅ እንሸጣለን፣ ጥራት ያለው፣ የማይወርድ።" ዋጋው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያነሰ ነው። ክፍያ በሞባይል ባንኪንግ፣ ድምፁ በአንድ ሌሊት ይደርሳል። ወሬውን የነገሩኝ ራሳቸው ልጆቹ ናቸው፣ ስክሪንሾቱን እያሳዩ።

ማታ ስንተኛ ግብ ጠባቂው እየመራ ነበር። ጠዋት 9 ቁጥሩ በሰፊው አልፎታል። ቦቱ የድምፅ ሰጪዎችን ዝርዝር ለባለቻናል ያሳያል፤ ገባሁበት። ፎቶ የለም። ስሙ ግማሹ በራሽያ ፊደል፣ ግማሹ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት። ሁሉም የነኩት ከእኩለ ሌሊት እስከ ሱብሂ ባለው ጊዜ ነው። የደሴ የሙጋድ ሰፈር ልጅ ሆኖ ስሙን በራሽያ ፊደል የሚጽፍ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ያ "ከቻናሉ የወጣ ድምፁ ይሰረዛል" የሚለው ደንብ ምን እንደሠራ ተመልከቱ። ሐሰተኛው አካውንት አይወጣም። በመልእክቱ ጩኸት ማን ይረበሻል? ከጀርባው ሰው የለም። እውነተኛው ደጋፊ ግን ድምፁን ሰጥቶ፣ ስልኩ ሲጮህበት ተሰላችቶ ይወጣል። ግብ ጠባቂው በየቀኑ ሲቀንስ የነበረው በዚህ ነው። ሌባን ለመከላከል የወጣ ደንብ የቀጣው የጭቃ ሜዳ ዳር ቆሞ ሲጮህ የከረመውን ልጅ ነው።

ለቦቱ ባለቤት ጻፍኩለት። ዝርዝሩን ከነሰዓቱ ላክሁለት። መልሱ "ሲስተሙ የቆጠረው ትክክል ነው" የሚል ነበር። ማጣሪያ ከፈለግን ተጨማሪ የሚከፈልበት ፓኬጅ አለ አለን። ማጣሪያው ምንድነው ብዬ ስጠይቀው "ሁለት ሲደመር ሦስት ስንት ነው" የሚል ጥያቄ ነው። ይግረማችሁና፣ ቦቱ ከድምፅ መስጫው ሥር ማስታወቂያ ያሳያል። ከማስታወቂያዎቹ አንዱ "አባልና ድምፅ በርካሽ" ይላል። ቁልፍ የሚሸጥልህና በርህን የሚሰብረው አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

የደሴ በሽታ ብቻ አይምሰላችሁ። አሜሪካኖች የቤዝቦል ከዋክብት ጨዋታቸውን ቋሚ ተሰላፊዎች በደጋፊ ድምፅ ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 የሲንሲናቲ ጋዜጣ አስቀድሞ የተሞላ ወረቀት አትሞ አደለ። ከስምንቱ ቋሚ ቦታ ሰባቱን የሲንሲናቲ ተጫዋቾች ያዙት። የሊጉ ኃላፊ ሁለቱን አውጥቶ ሌሎች አስገባ፣ ደጋፊውም እስከ 1970 ድረስ ድምፅ መስጠት ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ወረቀቱ ቀርቶ ምርጫው በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። በአንድ ኢሜይል 35 ጊዜ መምረጥ ይፈቀድ ነበር። የካንሳስ ሲቲ ተጫዋቾች ቦታውን ጠቅልለው ሊይዙት ሲደርሱ፣ ሊጉ ከ60 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ሰርዣለሁ አለ። እንግዲህ እነሱ ያን ሁሉ ባለሙያ ይዘው ነው።

እኔ የወደድኩት የቅርጫት ኳሱን መላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዛዛ ፓቹሊያ የሚባል ጆርጂያዊ ለኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ከዋክብት ጨዋታ በደጋፊ ድምፅ ቋሚ ሊሆን ለጥቂት ነው የቀረው። ያገሩ ሰው ተረባርቦለት ነበር፤ የጅዳ አክስቶች በአገር ደረጃ በሉት። በሚቀጥለው ዓመት ሊጉ የደጋፊውን ድምፅ ወደ 50 በመቶ አወረደው። የቀረውን ተጫዋቾችና ጋዜጠኞች እኩል እኩል ተካፈሉት። ማንም አልተሰደበም፣ ማንም አልተከለከለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከቦቱ ይልቅ ምን ይሻላል?

ጎግል ፎርም አንዱ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዬ ለሠራተኞች ውድድር እሱን ተጠቅሞ ሠርቶለታል። "ለአንድ ሰው አንድ መልስ" የሚለውን ስታበሩት ሰውየው በጂሜይሉ ካልገባ አይመርጥም። እያንዳንዱ መልስ የገባበት ሰዓት በሰንጠረዥ ይቀመጣል፣ ይሄ ለእኔ ዓይነቱ ተጠራጣሪ ሰው ወርቅ ነው። ለሰፈር ልጆች ግን አይሆንም። የግማሾቹን ጂሜይል የከፈተላቸው ስልኩን የሸጠላቸው ሱቅ ነው። ፓስወርዱን አያውቁትም። ኢሜይል እንዳላቸውም የማያውቁ አሉ። ምርጫው ሳይጀመር "ጋሼ ክፈትልኝ" የሚል ሰልፍ በሬ ላይ ይቆማል። ለእኔ ገበያ ነው፣ ለውድድሩ አይረባም።

በአጭር ቁጥር መልእክት መላክ የሚባለውንም ቴሌቪዥን ላይ አይታችኋል። እሱ ገንዘብ ያለው ደጋግሞ የሚልክበት ነው። አልፈዋለሁ።

የቀረው ፖል የሚባለው የቴሌግራም የራሱ ድምፅ መስጫ ነው። ነፃ ነው። የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሲሆን፣ ማን ማንን እንደመረጠ የሚያሳየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ተጨመረ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቻናል ላይ ስትለጥፉት የመራጩ ስም አይታይም። ግሩፕ ውስጥ ስትሠሩት ግን "ስም አይታይ" የሚለውን ማጥፋት ትችላላችሁ። ያኔ እያንዳንዱ ድምፅ ከነስሙና ከነፎቶው ይወጣል።

ደሴ ትልቅ ከተማ ናት፣ ሰፈር ግን ሰፈር ነው። ግሩፑ ውስጥ ያለውን ሰው በስሙ ባላውቀው በወንድሙ አውቀዋለሁ። እኔ ባላውቀው ከበረኛው እስከ ኳስ አቀባዩ የሚያውቀው አይጠፋም። የማይታወቅ ስም ብቅ ሲል ወዲያው "ይሄ የማን ልጅ ነው?" ይባላል። መልስ ከሌለ ግሩፑ ራሱ ያስወጣዋል። አያቱን ያስመረጠው ልጅም እዚህ ጋ አልደፈረም። አያቱን የማያውቅ የለማ! ሁለት ሲደመር ሦስት የማያስቆመውን ይሉኝታ አስቆመው።

እንከን የለውም አልልም። ይሉኝታ በሁለት በኩል ይቆርጣል። ስሙ ስለሚታይ ብቻ ያልወደደውን የጎረቤቱን ልጅ የመረጠ አለ። "የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ ሆነህ ለሰኞ ገበያ ልጅ?" ተብሎ ድምፁን መልሶ የቀየረም አይቻለሁ፤ ፖሉ መቀየር ይፈቅዳላ። ዓይን አፋር ልጅ ጭራሽ አይነካም። ቢሆንም ሰው የሰጠው ድምፅ ነው። ከራሽያ ሌሊት ገስግሶ የመጣ አይደለም።

ልትሠሩት ከሆነ ጥቂት ነገር ልጨምር። ፖል ወደ ሌላ ግሩፕ ሲላክ የሚቆጠረው እዚያው ዋናው ላይ ነው፤ ስለዚህ እንዳይተላለፍ የሚያደርገውን ሴቲንግ ቀድማችሁ አብሩት። በምርጫው ሰሞን አዲስ አባል አታስገቡ። ፖሉ ከተለጠፈ በኋላ ስለማይታረም የተጫዋቾቹን ስም ሁለቴ አንብቡ። የግድ ቻናል ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ ዕይታውን ከድምፁ ጋር አስተያዩ። ያየው ሰው ከመረጠው ሰው ካነሰ፣ ሳያይ የመረጠ አለ።

እኛ የቦቱን ውጤት ሰርዘን ግሩፑ ውስጥ ስም በሚታይበት ደገምነው። ግማሹን ድምፅ ለደጋፊው፣ ግማሹን ለአሠልጣኞችና ለዳኞች ሰጠነው። 9 ቁጥሩ ተቆጣ፣ አሠልጣኙም ተቆጣ፣ ሻይ ጠጥተን ተለያየን። ያሸነፈው ማንም ያላሰበው 3 ቁጥሩ ተከላካይ ነው። ቦቱ ላይ ወደ መጨረሻው ነበር፤ ዘመዶቹም ገጠር ናቸው፣ ኔትወርክ የላቸውም። አንድ ነጋዴ ለሽልማት የገዛልን ታኬታ 42 ቁጥር ሆኖ ሰፋው፣ ሱቁ በ40 ቀይሮለታል።

ቦቱን የሚፈልግ አይጠፋም። አዲስ ሱቅ የከፈተ፣ ቻናሉ ባዶ የሆነበት፣ ቁጥር ብቻ የሚፈልግ ሰው ይከራየው፤ ገንዘቡን አይበላበትም። ሽልማቱን ግን ከ50 ብር ካርድ አታሳልፉት። ታኬታ ያያችሁ ቀን የራሽያ ልጆች ይመጣሉ።