«ቀዩ ስፊንክስ»፦ ዳርታኛን የሌለበት ተከታይ

የአሌክሳንደር ዱማ «ቀዩ ስፊንክስ» በእንግሊዝኛ ሲታተም «የሦስቱ ሙስኬተሮች ተከታይ» ተብሎ ነው። ይህን አምኖ የዚያን ልብ ወለድ ጀግኖች ዳርታኛንንና አቶስን የሚጠብቅ አንባቢ ገጽ ሲገልጥ ይከርማል፤ ከአራቱ ጓደኛሞች አንዱም ብቅ አይልም። ተከታይ ያሰኘው ዘመኑ ነው። ትረካው የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ1628 መጨረሻ፣ በንጉሡ ጦር ተከብባ የነበረችው የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ከተማ ላ ሮሼል እጇን ከሰጠች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው።

የመጽሐፉ ዋና ባለታሪክ የፈረንሳዩ ንጉሥ የአሥራ ሦስተኛው ሉዊ ዋና ሚኒስትር ካርዲናል ሪሼልዩ ነው። በፊተኛው መጽሐፍ ከመጋረጃ ጀርባ ሲያደባ የነበረው ሰውዬ እዚህ በሽተኛ፣ ብቸኛና ሥራ የበዛበት ሆኖ ይመጣል። የንጉሡ እናት፣ ሚስትና ወንድም ሊጥሉት ያሴራሉ፤ እሱ ደግሞ በ1610 የተገደለውን የንጉሡን አባት የአራተኛውን ሄንሪ ደም ፋይል መልሶ ይከፍታል። ቁንጮው ክፍል ይኸው ነው፦ ካርዲናሉ ራሱ በሌሊት እየወጣ ምስክር ያፈላልጋል፤ ፍለጋውም በቁሟ ግንብ ወደተገነባባት አንዲት ሴት ያደርሰዋል። ዱማ ካርዲናሉን እንዲህ መውደድ ይችል እንደነበር ማን ጠረጠረ?

ጎራዴው አልጠፋም። «የተቀባው ጺም» በተባለው ማደሪያ ቤት ያለው መክፈቻ ከደራሲው ምርጥ ፍልሚያዎች ይቆጠራል። ፍቅሩንና ጀብዱን የተሸከመው የአራተኛው ሄንሪ ዲቃላ የሞሬ ኮንት (ባላባት) ግን ከሪሼልዩ ጎን ሲቆም ቀለሙ ይደበዝዛል። አሰልቺው የጣሊያኑን የማንቱዋ ግዛት ማን ይውረስ የሚለው ጉዳይ ነው፤ የትውልድ ሐረግ የሚዘረዘርባቸውን ገጾች ቶሎ ቶሎ ማለፍ ያዋጣል። በ1629 የፈረንሳይ ጦር ሱዛ ላይ ያለውን የአልፕስ መተላለፊያ የሚሰብርበት ምዕራፍ ሲደርስ ግን እንዳይዘለል።

ዋናው ችግር መጨረሻው ነው። ልብ ወለዱ በ1865 እና 1866 በመጽሔት በተከታታይ ሲወጣ ቆይቶ ሳያልቅ ቀረ። ተርጓሚው ሎውረንስ ኤልስወርዝ በ2017 እትሙ ዱማ 15 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የጻፈውን «ርግብ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ በመቋጫነት አስከትሎበታል። ብልህ መላ ነው፤ ስፌቱ ግን ይታያል። ዘመኑ ወደ 1637 ይዘላል፣ አተራረኩ ርግብ በምታመላልሳቸው ደብዳቤዎች ይሆናል፣ የቤተ መንግሥቱ ተንኮል በናፍቆት እንጉርጉሮ ይተካል። በመካከሉ ያለፈው ኮንቱ ከዓመፀኞች ጋር ተሰልፎ የንጉሡን ጦር የገጠመበት የ1632ቱ የካስቴልኖዳሪ ውጊያ ነው፤ ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው ኮንቱ ምን እንደደረሰበት ግራ ይገባዋል። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ከማንበብ ጥቂት ቀን ማሳለፍ ይሻላል።

ከ800 ገጽ በላይ ነውና ለመንገድ አይመችም። ፈረንሳይኛውን የሚፈልግ «የሞሬ ኮንት» በሚለው የመጀመሪያ ርእሱም ያፈላልግ፤ ከመግዛቱ በፊት ግን «ርግብ» አብሮ መታተሙን ማውጫው ላይ ይይ።