የካቴና ድምፅ ላለው ሞተር ምን ይገዛ? ቴንሽነር ብቻ፣ ሙሉ ኪት ወይስ ያገለገለ ሞተር

ጠዋት መኪናው ሲነሳ፣ ጠጠር በጣሳ ውስጥ ሲናጥ የሚመስል ድምፅ ከሞተሩ የፊት ሽፋን ለአንድ ለሁለት ሰከንድ ተሰምቶ የሚጠፋበት ባለመኪና፣ ወደ ጋራዥ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው መልስ «ካቴናው አልቋል፣ ይቀየር» የሚል ነው፤ ካቴና የሚባለው ክራንኩንና ካምሻፍቱን የሚያገናኘው የሞተሩ ታይሚንግ ሰንሰለት ነው። መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሆኖም ይኸው ድምፅ በአንድ የዘይት ፊልትሮ ዋጋ ሊጠፋ እንደሚችል ሁሉ ሙሉ ኪት (ካቴናው ከነቴንሽነሩና ከነጋይዶቹ) ተገዝቶም ላይጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ መለዋወጫ ከመግዛት በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚቆይ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች ካቴናውን የሚወጥረው ቴንሽነር የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። መኪናው ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ግፊቱ እስኪመለስ ድረስ ካቴናው የላላ ከሆነ ከሚንሸራተትባቸው ጋይዶች ጋር ይጋጫል። ጠዋት ብቻ የሚሰማና ወዲያው የሚጠፋ ድምፅ ወደ ቴንሽነሩ፣ ወደ ዘይቱ ወይም ወደ ፊልትሮው ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) የሚቀጥል ከሆነ፣ በተለይም የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ ምርመራው ፒ0016 (ክራንኩና ካምሻፍቱ አለመጣጣማቸውን የሚያመለክት ኮድ) ካሳየ፣ ካቴናው ራሱ መርዘሙን ወይም ጋይዱ መሰበሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። ካቴና ረዘመ ሲባል ብረቱ ተለጠጠ ማለት ሳይሆን ዓይኖቹን የሚያያይዙት ፒኖች ተበልተዋል ማለት ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ርካሹ ነገር፣ ማለትም ጥሩ ፊልትሮና ለሞተሩ የታዘዘው ዘይት ነው። ጥሩ ፊልትሮ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይፈስ የሚያግድ የጎማ ቫልቭ በውስጡ አለው፤ በርካሾቹ ላይ ይህ ጎማ ቶሎ ይደርቃል፣ አንዳንዴም ጭራሹኑ የለም። ድምፅ ለመደበቅ ሲባል 20/50 ዘይት መሙላት የተለመደ ምክር ቢሆንም፣ ለ5/30 በተሠራ ሞተር ላይ በአዲስ አበባ የታኅሣሥ ብርድ ወፍራሙ ዘይት ቴንሽነሩ ጋ ለመድረስ የበለጠ ስለሚዘገይ፣ ጠዋት የሚሰማውን ድምፅ ማባባሱ አይቀርም። እኔ በበኩሌ ይህን ምክር እንደ ጥገና አልቆጥረውም።

ድምፁ ከዚያ በኋላም ካልጠፋ ቴንሽነር ብቻ የመግዛትና ሙሉ ኪት የመግዛት ምርጫ ይመጣል። ምርጫውን በአብዛኛው የሚወስነው ቴንሽነሩ የሚገኝበት ቦታ ነው። የራሴ ኮሮላ 1ዜድዜድ ሞተር ያለው ባለ 1.8 ሲሆን፣ የጠየቅሁት ጋራዥ ሳይከፍት ሳያይ ሙሉ ኪትና የሁለት ቀን ሥራ አዘዘልኝ። በዚህ ሞተር ላይ ግን ቴንሽነሩ ከሽፋኑ ውጪ በሁለት ባለ 10 ዳዶዎች ብቻ የታሰረ ነው። ስፈታው ኦሪንጉ ደርቆ ዙሪያው በዘይት ርሷል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ በጥርስ መያዝ የነበረበት ፒስቶንም በአውራ ጣት ስገፋው ያለ ችግር ወደ ውስጥ ገባ። ኦሪጅናል ቴንሽነር ገዝቼ ቀየርኩት፤ ድምፁ ጠፋ።

ይህን ሥራ ለሚሞክር ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ቴንሽነሩ ወጥቶ እያለ ሞተሩ በምንም ምክንያት መዞር የለበትም፤ ካቴናው ጥርስ ሊዘል ይችላልና። አዲሱ ደግሞ የሚገባው ፒስቶኑ ወደ ውስጥ ተገፍቶ በመንጠቆው ከተያዘ በኋላ ሲሆን፣ ከታሰረ በኋላ ክራንኩን በእጅ በማዞር መንጠቆው እንዲለቅ ይደረጋል። ይህን ዘሎ መኪናውን ያስነሳ ሰው ካቴናውን ያለ ወጣሪ ማስነሳቱ ነው።

ቴንሽነሩ ከሽፋኑ በስተጀርባ ከሆነ ወይም ካቴናው መርዘሙ ከተረጋገጠ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፑሌጃውና የሞተር መያዣው ወርደው ሽፋኑ ከተከፈተ የእጅ ዋጋው ዋነኛው ወጪ ስለሚሆን፣ ካቴና ብቻ ገዝቶ አሮጌውን ጋይድና ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ጎማ) መተው እንደ ቁጠባ ሊታይ አይገባም። የተበላ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል። ካቴና፣ ቴንሽነር፣ ሁለቱ ጋይዶች፣ የክራንኩ ጥርስና ኦይል ሲሉ አብረው ይቀየሩ። እንደ አይሲን ባለ የታወቀ አምራች የተሠራ ኪት ከኦሪጅናሉ በዋጋ ዝቅ ቢልም ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ስም የለሹን ኪት ግን በነጻ ቢሰጡኝም አላስገባውም። ሶማሌ ተራ ሲገዙ አሮጌውን ካቴና ይዞ መሄድ ይጠቅማል፦ አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ካቻቢቴ ላይ ጎን ለጎን ሰቅሎ ማየት ነው። የዓይኖቻቸው ቁጥር እኩል ሆኖ አሮጌው ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ በእርግጥ ረዝሟል፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ ገንዘቡን ከማውጣት በፊት ምርመራው እንደገና ይታይ።

በቆየው ባለ ቤንዚን ሃይሉክስ 22አር ሞተር ላይ ዋናው ደካማ ነገር ካቴናው ሳይሆን የፕላስቲክ ጋይዱ ነው። ሲሰበር ካቴናው ሽፋኑን እየፋቀ እስከ ውሃው መተላለፊያ ሊበሳው ስለሚችል ውሃ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። ለዚህ ሞተር የብረት ጀርባ ያለው ጋይድ ያለበትን ኪት መምረጥ ይሻላል። 1ኬዲና 2ኬዲ ናፍጣ ሞተር ያላቸው ሃይሉክሶች ግን ታይሚንጋቸው በቺንጋ ስለሆነ የካቴና ወጪ አይመለከታቸውም።

ኪት መግዛት ጨርሶ የማይፈታው ችግርም አለ። 2ኤአር ሞተር ባላቸው ራቭ 4ዎችና ካምሪዎች ላይ በቀዝቃዛ ሞተር ለአንድ ሰከንድ ያህል የሚሰማው ጠንካራ መንኳኳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከካምሻፍቱ ቪቪቲ ጊር (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ ከሚያስተካክለው ጊር) ሲሆን፣ ቶዮታም የተሻሻለ ጊር አውጥቶለታል። ጊሩ ውድ በመሆኑ በአብዛኞቹ ኪቶች ውስጥ አይካተትም፤ ስለዚህ ኪቱን የገዛ ሰው ድምፁን ይዞ ይቀራል።

ያገለገለ ሞተር መግዛት የሚያዋጣው ካቴናው ጥርስ ዘሎ ቫልቮቹ ከፒስቶን ጋር ከተጋጩ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን የሚመጣው ሞተር ካቴና ምን ያህል እንደሠራ ሻጩም በእርግጠኝነት አይነግርዎትም። ከመክፈልዎ በፊት የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፍተው በባትሪ ወደ ውስጥ ይመልከቱ፦ ብረቱ ቀለል ያለ የማር ቀለም ብቻ ካለው ዘይቱ በጊዜው ይቀየርለት ነበር፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዝቃጭ ከተጋገረበት ግን ያንን ሞተር ይተዉት።