የአባታችንን የልብ መድኃኒት ከኩላሊታቸው አቅም ጋር ላገናዘቡልን ክሊኒካል ፋርማሲስት የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው፣ አባታችን በሚታከሙበት የአዲስ አበባ የመንግሥት ሆስፒታል የኩላሊት ክትትል ክፍል ውስጥ የሚሠሩ አንድ ክሊኒካል ፋርማሲስትን (የሕመምተኛውን መድኃኒትና መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ሆኖ የሚገመግም የመድኃኒት ባለሙያ) በቤተሰባችን ስም ለማመስገንና፣ የኩላሊት ሕመምተኛ የምታስታምሙ ሁሉ ይህን አገልግሎት ጠይቃችሁ እንድታገኙ ለመጠቆም ነው። ባለሙያው ስማቸው በአደባባይ እንዳይነሳ ስለለመኑኝ አልጠቅሰውም፤ ሥራቸውን ግን ሳልናገር አላልፍም።

አባታችን የስኳርና የደም ግፊት ሕመም አብሯቸው የቆየ ሰው ናቸው። ለግፊታቸው ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንዱ፣ የልብን ምት በማዘገየት ግፊትን ከሚቀንሱትና ቤታ ብሎከር ከሚባሉት ወገን የሆነው አቴኖሎል ሲሆን፣ በቀን 100 ሚሊ ግራም የታዘዘላቸው ኩላሊታቸው ገና ደህና በነበረበት ጊዜ ነው። ማዘዣው በሌላ የጤና ተቋም በየጊዜው ሲታደስ መጠኑ እንደነበረ ቀጠለ፤ ኩላሊታቸው ግን እንደነበረ አልቀጠለም። ውሎ አድሮ ድካም ተጫናቸው፣ ከመቀመጫቸው ሲነሱም ዓይናቸው ይጨልም ጀመር።

እኚህ ባለሙያ መጀመሪያ ያሉን በቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ ያለቀውን ፓኮ ጭምር፣ ይዘን እንድንመጣ ነበር። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው እያንዳንዱን ክኒን ከማዘዣውና ከላቦራቶሪው ወረቀት ጋር ካመሳከሩ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ይስጡኝ» ብለው የግድግዳውን ሰዓት እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ የልብ ምታቸውን ቆጠሩ። ምቱ 44 ብቻ ነበር። በወረቀቱ ላይ ደግሞ የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም በደቂቃ 22 ሚሊ ሊትር፣ በደማቸው ያለው የፖታሲየም ማዕድን ከልክ አልፎ 5.8 ሆኖ ተመዝግቧል። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፈው ለአባቴ አሳዩአቸውና ነገሩን ከሥሩ አስረዱን።

አቴኖሎል ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊት ደህና ሲሆን በደም ውስጥ ያለው መጠን ከ6 እስከ 7 ሰዓት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ የማጣራት አቅሙ ከ15 እስከ 35 ሲወርድ ግን ይኸው ነገር ከ16 እስከ 27 ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል፣ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይደረብበታል። በዚህ ደረጃ ላይ ላለ ሕመምተኛ የቀኑ ጣሪያ 50 ሚሊ ግራም፣ አቅሙ ከ15 በታች ለሆነ ደግሞ 25 ሚሊ ግራም ነው። የባሰው ነገር፣ ልብ ሲዘገይ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ኩላሊቱም ይበልጥ ሲደክም መድኃኒቱና ፖታሲየሙ ይጠራቀማሉ፤ ሁለቱም ተደጋግፈው ልብን መልሰው ያዘገያሉ። ሐኪሞች «ብራሽ ሲንድረም» የሚሉት ይህ አዙሪት ሳይታወቅ ከቀጠለ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል።

ባለሙያው ከሥልጣናቸው አልፈው መድኃኒቱን አልቀየሩም፤ ወረቀቱን ይዘው ያኔውኑ ወደ ሐኪሙ ገቡ። አባታችን ኢ.ሲ.ጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነስተው፣ አቴኖሎሉ ቆሞ፣ ምታቸውና ፖታሲየማቸው እስኪስተካከል ድረስ በሆስፒታሉ ክትትል ሥር ቆዩ። ልባቸው ደም የመርጨት አቅሙ የደከመ በመሆኑ ጨርሶ ያለ ቤታ ብሎከር መኖር ስለማይበጃቸው፣ አስም እንደሌለባቸው ከተጠየቁ በኋላ፣ ካርቬዲሎል የተባለ ሌላ ቤታ ብሎከር በትንሽ መጠን ተጀመረላቸው። ይህኛው በዋናነት የሚሰባበረው በጉበት ነው፤ ለደከመ ልብ ያለው ጥቅምም በጥናት የተረጋገጠ ነው። ሲነሱ እንዳያዞራቸው ከምግብ ጋር እንዲወስዱት፣ ደህና ነኝ ብለውም በራሳቸው ፈቃድ በድንገት እንዳያቋርጡት በጥብቅ ተነገራቸው።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመን ስለ ኢንሱሊን የሰጡን ምክር ነው። ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ ትርታና የእጅ መንቀጥቀጥ ቤታ ብሎከር ሊደብቀው ይችላል፤ ኩላሊት በደከመ ጊዜ ደግሞ ኢንሱሊኑም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳር በቀላሉ ይወርዳል። የማይደበቀው ምልክት ላብ ስለሆነ፣ ያለምክንያት ካላባቸው ሌላ ምልክት ሳይጠብቁ ስኳራቸውን እንዲለኩ እናቴን ጭምር አስጠርተው ነገሯት።

አጠገባችን የነበሩ በኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ አንድ አባት ይህን ሰምተው፣ እሳቸውም አቴኖሎል እንደሚወስዱ በድንጋጤ ሲናገሩ፣ ባለሙያው መድኃኒቱን በደፈናው አላወገዙትም። አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል የሚባለው ሌላው ቤታ ብሎከር በእጥበት ጊዜ ከደም ስለሚወጡ፣ አቴኖሎል ከእጥበቱ በኋላ በሐኪም ቁጥጥር ሲሰጥ እንደሚሠራ፣ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የግፊት ሕመምተኛ በሆኑ የእጥበት ታካሚዎች ላይ ሊሲኖፕሪል ከሚባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት የተሻለ ውጤት እንዳሳየ ነገሯቸው፤ ካርቬዲሎል ግን በእጥበት እንደማይወጣ አከሉላቸው። እኔን ያስገረመኝ የሕመምተኞቹ ወረፋ ኮሪደሩን ሞልቶት ሳለ ይህን ሁሉ ያለ ችኮላ ማስረዳታቸው ነው።

አገልግሎቱን የምትፈልጉ፣ በምትታከሙበት ሆስፒታል ክሊኒካል ፋርማሲስት መኖሩን ሐኪማችሁን ወይም የተረኛውን ነርስ ጠይቁ። ስትሄዱ የቅርብ ጊዜውን የክሪያቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያመለክት የደም ምርመራ) እና የፖታሲየም ውጤት፣ በእጃችሁ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የገዛችሁትን የሕመም ማስታገሻና የምትጠጡትን የባህል መድኃኒት ጨምራችሁ ያዙ። እጥበት ላይ ያላችሁ ደግሞ የእጥበት ቀናችሁንና እያንዳንዱን ክኒን የምትወስዱበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ብትሄዱ ሥራቸውን ታቀሉላቸዋላችሁ።